የሮክ ዘፋኝ ዝክር በአንኮበር መንገድ

«ልጄ፣ የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው?»

መምሬ ኃይሌ ይህን የጠየቁኝ አስረኛ ክፍል እያለሁ፣ በአባቴ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ባለፈው እሁድ ለምርቃቴ አንኮበር አክስቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ነገሩ ሁሉ ትዝ አለኝ።

አባቴ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ይነዳ ነበር። ልጅ ሳለ አንድ ፈረንጅ አስተማሪው የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ አሰማውና በዚያው ቀረ። ከዘፋኞቹ አንዱን፣ በወጣትነቱ አውሮፕላን ተከስክሶ የሞተውን፣ በተለይ ይወደዋል። በየዓመቱ ጥር መጨረሻ ላይ ሙት ዓመቱን ያስባል። ዳቦ ገዝቶ ለተሳፋሪ ያድላል፤ ያን ቀን ቴፑንም እስከ አንኮበር አይከፍትም። እኔን ያስቀኝ ነበር። ለማያውቅህ ሰው ዝክር ምን ይሉታል?

ያን ጊዜ የሴሚስተር እረፍት ነበር፤ ረዳት ሆኜ አብሬው ወጣሁ። ጠዋቱ ብርድ ነው፤ ማሳው በውርጭ ነጥቷል። ዳቦውን ሳዞር አንዲት ሴትዮ የምን እንደሆነ ጠየቀች። አባቴ መሪውን እንደያዘ፣ «የአንድ ልጅ ሙት ዓመት ነው። አውሮፕላን ተከስክሶ ነው የሞተው» አለ። ውሸት የለበትም። ግን ሁሉም የእኛ ዘመድ መሰላቸው። ሴትዮዋ፣ «እኔን ይድፋኝ፣ እናቱ እንዴት ቻለችው» ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከኋላ ያሉት ነፍስ ይማር ተባባሉ። መምሬ ዳቦውን ባረኩና ለጸሎት እንዲሆናቸው ስሙን ጠየቁኝ።

አፌን ልከፍት ስል አባቴ በመስታወቱ አየኝ። እንደዚያ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንልኝም።

አንኮበር ደርሰን ጎረቤላ ላይ ሰዉን ሁሉ ካወረድን በኋላ፣ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም ብዬ አፋጠጥኩት።

«ነገ ማን ይሳፈርልኛል?» አለ። «በዝክር ዳቦ ቀለደብን ነው የሚሉኝ። መምሬማ ዓይኔን አያዩትም።»

ባዶውን መኪና አዞረና ቴፑን እስከ ጥግ ከፈተው። እኔ እስክንመለስ አኩርፌ በመስኮት ጉሙን አየሁ።

አሁን አባቴ መንዳት ትቷል። እሁድ ዕለት መምሬ ከጎኑ ተቀምጠው፣ ጥር በመጣ ቁጥር ያንን ልጅ በጸሎት እንደሚያስቡት ነገሩት። ስሙን ስለማያውቁት «ያ በአውሮፕላን የሞተው» እያሉ ነው የሚያነሱት። አክስቴ የትኛው ልጅ እንደሆነ ግራ ገብቷት ወንድሟን ታየዋለች። አባቴ ብርጭቆውን ማዟዟር ያዘ።

«አንቺ እንኳ ዛሬ ስሙን ንገሪኝ» አሉኝ መምሬ።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ሽማግሌውን ማታለል ነው። አባቴን ሆን ብዬ አላየሁትም።

«ዘመዳችን አይደለም መምሬ» አልኳቸው። «ፈረንጅ ነው፤ የሮክ ዘፋኝ። የክርስትና ስሙን እኛም አናውቀውም። አባቴ ግን አልቀለደም፤ ከልቡ ነው የሚያዝንለት። እንደጀመሩት ያስቡልን።»