«እሺ በላት»

ማንኛውንም ልብስ ከመተኮሷ በፊት ኪሱን ወደ ውጭ ትገለብጣለች። በላውንደሪ ቤት በሠራችበት ዘጠኝ ዓመት ከሰው ኪስ ሲወጣ ያላየችው ነገር የለም፤ ክኒን፣ ቁልፍ፣ የቀለጠ ማስቲካ፣ አንድ ጊዜም በወረቀት የተጠቀለለ የሕፃን ጥርስ። ያገኘችውን በፖስታ ከታ ከልብሱ ቁጥር ጋር በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች። ካውያውን የምታነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቷ ከእሷ ጋር መኖር ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቀኝ ጉልበቱ ከፍሬን ጋር ሲታገል ኖሮ በጡረታው ማግስት እምቢ አለው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ቀኑን የሚጀምረው በልጁ ድምፅ ነው። ልጁ፣ ማለትም የእሷ ታላቅ ወንድም፣ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ይኖራል። ሥራ በዝቶበት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታቸውን አልረገጠም። ነገር ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን የድምፅ መልእክቱ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።

«አባዬ፣ እንዴት አደርክ? ጉልበትህስ?»

ሽማግሌው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሦስት ጊዜ ይሰማና እንደ ፉጨት ባለ ድምፅ፣ በልጅነቱ ባወጣለት ስም እየጠራ ይመልሳል፦ «አቶ ረጅሙ! ዛሬም ተነሥቻለሁ!»

እሷም ብትሆን ያለ ወንድሟ መልእክት አትውልም ነበር። ባሏ ጥሏት የሄደ ሰሞን በምሳ ሰዓት የሳሙና ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ደቂቃ ሳይሞላ መለሰላት፦ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ እያለሁ ብቻሽን አይደለሽም።» ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማቻት እሷ ነች የምታውቀው። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ወደዚህኛው ላውንደሪ ስትዛወርም አድራሻውን ሳይቀር ነግራዋለች። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሏታል።

ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሹፌር የአለቃውን ሙሉ ልብሶች ያመጣል። አፉ ከእጁ ይፈጥናል። አንድ ሐሙስ ባንኮኒውን ተደግፎ፣

«የኔ አለቃ እኮ ቤተሰቡን ለማሽን አስረክቦ ተገላገለ» አላት።

«እንዴት አድርጎ?»

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነዋ! ስልኩ ውስጥ አስቀምጦታል። በራሱ ድምፅ ያወራል። አባቱን ሰላም ይላል፣ እህቱን ያጽናናል፤ ሰውየው ከኋላ ወንበር ላይ ያንኮራፋል።»

«ምን እንደሚል ማን ይነግረዋል?»

«ራሱ! እኔ እየነዳሁ ሲያዘው ሰምቻለሁ።» ሹፌሩ ድምፁን አወፈረ። «‹ለአባቴ፦ ጉልበቱን ጠይቀው፣ ሲቀልድ ሳቅለት። ለእህቴ፦ በፍቅር መልስላት፣ አትከራከራት፣ ያለችውን ሁሉ እሺ በላት። ብቻ እኔ ዘንድ እንዳትደርስ።›» ሳቁ አላስጨርስ አለው። «ሽማግሌውማ ጉድ ነው! አንድ ቀን በስሕተት ድምፁ መኪናው ውስጥ አምባረቀ፤ ‹አቶ ረጅሙ! ዛሬም ተነሥቻለሁ!›»

ካውያው በምትተኩሰው ኮት እጅጌ ላይ ለቅጽበት ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ የገዛ ወንድሟን ኮት ስትተኩስ ኖራለች፤ እሱ ደግሞ ልብሱ በማን እጅ እንደሚያልፍ አያውቅም፤ ምክንያቱም የነገረችው ነገር አንድም ቀን ጆሮው ደርሶ አያውቅም።

«እህቲቱ ምን ዓይነት ሰው ትሆን?» አለች ዓይኗን ሳታነሣ።

«እኔ ምን አውቄ! ምስኪን ሳትሆን አትቀርም።»

«ቅዳሜ ይደርስልሃል» አለችና ቁጥሩን ሰጠችው።

ያን ቀን ማታ ለአባቷ አልነገረችውም። ብትነግረው የሚሞተው እሱ እንጂ ወንድሟ አይደለም። ደውላ ብትጮህበትም «ሥራ ወጥሮኝ ነው፣ ይቅርታ» ይልና ያበቃል። እሷ ይቅርታ አላማራትም። ያማራት፣ የራሱ ቃል በራሱ አንገት ላይ ሲጠመጠም ማየት ነበር። ያለችውን ሁሉ እሺ እንድትባል ታዝዞላት የለ?

ዓርብ ጻፈችለት፦ «ጋሼ፣ አባዬን ደረጃው ጨረሰው።»

«እውነትሽን ነው እህቴ፣ ያሳዝናል።»

ቅዳሜ፦ «አንተ ቤት ምድር ላይ ያለው ክፍል አይሻለውም?»

«በጣም ጥሩ አስበሻል።»

እሑድ፦ «እንግዲያው የሳምንት እሑድ አመጣዋለሁ። ለአባዬ ግን አንተው ራስህ ንገረው።»

«እሺ እህቴ፣ በደስታ።»

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ፣ «አባዬ፣ እሑድ እጠብቅሃለሁ፤ ከእንግዲህ አብረን ነን» አለ። ሽማግሌው ሦስቴ መስማቱ አልበቃው ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ጎረቤት ድረስ ሄዶ አሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ሻንጣ ሲከፍት ሲዘጋ ከረመ። እሑድ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ እያንጎራጎረ ነበር። ልትናገር አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች። ዘጋችውና ሸሚዙን አቀበለችው።

ወንድሟ በሩን የከፈተው በነጠላ ጫማ ነው።

«አባዬ? ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምን ሆናችሁ ይለኛል እንዴ! ና ሻንጣውን ተቀበል፣ አቶ ረጅሙ!»

ወንድሟ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ጥርሱን ነከሰ። «ምንድን ነው ይሄ? ማን ኑ አላችሁ?»

እሷ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «አባዬ፣ ጋሼ ረስቶታል መሰለኝ። እስቲ አሰማው።»

ሽማግሌው እየሳቀ ስልኩን ነካ። ‹አባዬ፣ እሑድ እጠብቅሃለሁ፤ ከእንግዲህ አብረን ነን።› ኮሪደሩን የሞላው የወንድሟ የራሱ ድምፅ ነበር።

«ያንተ ድምፅ አይደለም እንዴ?» አለችው።

አባትየው ቀና ብሎ ልጁን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ግን መጠበቅ ጀምሯል። ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ፣ ወደ ስልኩ ዞረ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል ቆማ አየችው፤ ልታግዘው ጣቷን አላነሣችም።

«የኔ ነው፣ አባዬ» አለ በመጨረሻ። «ግባ።»

ሽማግሌው ሶፋው ላይ ተደላድሎ ጉልበቱን ዘረጋ። «በል እሺ፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ ምን ቆረጥክ? ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?»

«የምን... ኦፕራሲዮን?»

«የምን ይለኛል! ወር ሙሉ የተማከርንበትን? ‹አብረን እንወስናለን› ብለኸኝ የለ! ያንተን ቃል ስጠብቅ ለሐኪሙም መልስ አልሰጠሁት።»

ወንድሟ እስከ በሩ ተከትሏት ወጣ። «ይቅር በይኝ» አለ በሹክሹክታ።

«እሱንስ ማሽኑም ብሎኛል። ካንተ አሳምሮ።»

«ምን ልበለው አሁን?»

«ሁሉም ስልክህ ውስጥ አለ፤ ሰባት መቶ መልእክት ይሆናል። ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያው ስማ። አባዬ አንዷንም አልረሳም፤ እየመዘዘ ይጠይቅሃል።»

«ቆይ እስቲ፣ ሥራ ቦታሽ መጥቼ ላናግርሽ... አሁን የት ነው የምትሠሪው?»

«ነግሬሃለሁ» አለችና ሄደች።

ቤቷ ገብታ የአባቷን ፍራሽ ጠቀለለች፤ አንሶላውን አጥባ አሰጣች። ክፍሉ ሰፍቶባት ትንሽ ቆመች። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ወንድሟ ነበር፣ አላነሣችውም።

የሐኪሙ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። አባትየውን ይዞ የሚሄደውም፣ ጉልበቱ በቢላ ይነካ አይነካ የሚመልሰውም ልጁ ነው።