የሁዳዴው ዝላይ

አሰልጣኝ ጌጡ ደብረ ታቦር ላይ ታዳጊዎችን ኳስ ማሰልጠን ከጀመረ ወዲህ ሜዳው ላይ የማይሻር ሕግ ነበረው፦ የደከመ እግር አይዘልም። የመዝለያ ሣጥኖቹን ከባሕር ዛፍ ጣውላ በገዛ እጁ ነው የመታቸው። ልጆቹ ከሣጥኑ ላይ ይወርዳሉ፤ መሬት እንደነኩ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው መልሰው ወደ ላይ ይስፈነጠራሉ። ፍጥነት የሚወለደው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው ይላቸው ነበር፤ እግር መሬቱን እንደ ፍም ካልሸሸው ፈጣን አይሆንም። ጥቂት መዝለል፣ ብዙ ማረፍ። ትንፋሹ ያልተመለሰለት ልጅ ሣጥን ላይ ሲወጣ ካየ ጆሮውን ይዞ ያወርደዋል።

ሕጉን ያፈረሰው ራሱ ነው።

የሁዳዴ ጾም ተጋምሶ ነበር። እሑድ ከባሕር ዳር ተጫዋች መልማዮች ይመጣሉ ተባለ። ከሴቶቹ አዲስዓለምን እንደሚወስዱ ጌጡ አልተጠራጠረም፤ በግራ መስመር ስትበር የሚይዛት የለም፤ መነሻዋ ላይ ብቻ ትንሽ ትዘገያለች። ያችን ትንሽ ነገር ሊያቃናት ፈለገ። ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ሌሎቹ አረፍ ሲሉ እሷን ደጋግሞ ሣጥን ላይ አወጣት። ከንፈሯ መድረቁን አይቷል። እህል ውሃ አለመቅመሷንም ያውቃል። ግን እዚያ አገር የሚጾም ሰው ጾሜያለሁ አይልም፤ ሌላውም አይጠይቀውም። ጌጡ ከዚህ ጨዋነት ጀርባ ተሸሸገ። «አንድ ጨምሪ» አላት፤ ጨመረች። የመጨረሻውን ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወደቀች።

በማግስቱ እናቷን፣ ወይዘሮ ፈንታነሽን፣ ገበያ ላይ አገኛቸው። ልጂቱ መንገድ ላይ አዳልጦኝ ነው እንዳለቻቸው፣ ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ እንዳሻት፣ በሳምንቱ ወደ ኳሷ እንደምትመለስ አጫወቱት። ጌጡ እግዜር ይማራት ብሎ አለፈ።

ውሸቱን የተናገረው እሱ አይደለም። ግን ሌላ ሰው በሠራለት ቤት እንደሚኖር ሰው ይኖርበት ጀመር። ወጌሻው ምን ያድርግ? የነገሩትን ነው ያከመው። እንዲህ ያለ ጉልበት ታሽቶ ሜዳ ከተመለሰ ግን ጨርሶ እንደሚበላሽ ጌጡ ተምሮታል። ዝም ባለ ቁጥር ልጂቱን እንደገና ሣጥን ላይ የሚያወጣት መሰለው።

እሑድ መልማዮቹ አዲስዓለምን ሳያዩ ተመለሱ። ማክሰኞ ቤታቸው ሄደ። አዲስዓለም እግሯን በጨርቅ ታስራ መደቡ ላይ ተጋድማለች።

«አሰልጣኝ፣ ዛሬስ ሣጥኑን ትተውት መጡ?» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «እትዬ ፈንታነሽ፣ ልጂቱን መንገድ አይደለም የጣላት። ሜዳ ላይ ነው፤ ያዘለልኳትም እኔ ነኝ። መጾሟን እያወቅሁ። ይሄ ወለምታ አይደለም፤ መታሸቱ ይቅርና ሐኪም ይያት።»

አዲስዓለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ጌጡን ትተው እሷን ጠየቋት፤ እውነት ነው ወይ? ለምንስ ዋሸሽ? አሰልጣኙን ከሜዳ ያባርሯቸዋል ብዬ ነው አለች፣ ለግድግዳው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጉልበቷንስ ሐኪም ያየዋል» አሉት። «በጾሟ ያስዋሸሃትንስ ማን ያይልኛል?»

ጌጡ ለጉልበቱ የሚሆን ይቅርታ መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። ይሄኛው ጨርሶ አልታየውም ነበር።

ባጃጅ ተጠራ። ሊደግፋት ጎንበስ ሲል ወይዘሮ ፈንታነሽ እጁን ገለል አደረጉትና ከጎረቤት ጋር ሆነው አሳፈሯት። የተዘረጋው እግሯ ወንበሩን ሞላው።

«አንተ ሐኪም ቤት በእግርህ ድረስ» አሉት። «እንዴት እንደወደቀች ለሐኪሙ የምትነግረው አንተ ነህ።»

አቀበቱን ወጥቶ ሲደርስ ልጂቱን ወደ ውስጥ አስገብተዋታል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሲያዩት ቦታ ሊለቁለት ትንሽ ጠጋ አሉ፤ ተቀመጥ ግን አላሉትም። ጌጡ ግድግዳውን ተደግፎ ሐኪሙ እስኪጠራው ቆሞ ጠበቀ።