ከምሽጉ ጋር የተጋራነው ግድግዳ

ከባቲ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ያለው መንደራችን የበቀለው ምሽግ ሥር ነው። ግንቡን ማን እንዳሠራው ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ድሮ ለወታደሮቹ ወተትና እንጨት ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ጎጆ እየቀለሱ ቀሩ፤ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ወታደሮቹ ሲሄዱ እነሱ አልሄዱም። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ሰነፍ ይሁን ብልጥ እንጃ፣ ቤታችንን ከግንቡ አስጠግቶ ሦስት ግድግዳ ብቻ ሠራ። አራተኛው የምሽጉ ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ መንደሩ ትምህርት ቤት ሊሠራ ተነሳ። የተጠረበ ድንጋይ ደግሞ ከምሽጉ ሌላ የት ይገኛል? ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ግንቡ ይፍረስ አሉ። የኛ ግድግዳ ከፈረሰ ጣሪያው ይወርዳል፤ መልሶ የሚያቆምልን ወንድ የለንም። እናቴ ግን ሰው ፊት ማልቀስ ሞቷ ነው። "ቶሌ፣ ይሁን፣ ለልጆች አይደል" አለችና የወተት ጮጮዋን ከግድግዳው አውርዳ ዕቃችንን ደጅ አወጣች። እኔ የምንጣፉ ጥቅል ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ።

ሥራውን የሚመሩት ጎረቤታችን ሼሁ ነበሩ፤ በፍየላቸው ምክንያት ከእናቴ ጋር ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን የለም። ዲጅኗቸውን ይዘው መጡና በኛ በኩል ያለውን ግንብ ቆርቆር ቆርቆር አደረጉት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ "ይሄኛው ተሰነጣጥቋል፤ ለሥራ አይሆንም፤ እለፉት" አሉ።

ከግንቡ ሁሉ ደህናው እሱ ነበር። ሰዎቹም ያውቃሉ። መሣሪያቸውን ተሸክመው አለፉት።

እናቴ ውለታ ሲዋልላት መቆጣት ልማዷ ነው። "አንቱ ሰውዬ፣ ዓይንዎትን ያምዎታል ልበል?" አለቻቸው።

"ያመኛል። ይልቅ ዕቃሽን አስገቢ፣ ፍየሌ ሳትበላብሽ" ብለው ሄዱ።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ፤ ድንጋይ ስላነሰ ግን የኛ ክፍል አንዱ ጎን በሰሌን ተጋረደ። የቆላው ንፋስ ሲነሳ አቧራው ደብተራችን ላይ ይነሰነሳል። እናቴ በየመስከረሙ አዲስ ሰሌን ጎንጉና፣ ተሸክማ ወስዳ ትሰቅላለች። ሌላ እናት የለም ወይ እያልኩ አፍርባት ነበር።

አንድ ቀን ዓይኔ በአቧራ ቀልቶ እየተነጫነጭኩ ገባሁ። "ቆይ፣ የኛ ክፍል ብቻ ለምንድን ነው ግድግዳ የሌለው?" አልኳት።

ሰሌኗን አስቀመጠች። እጄን ይዛ ጮጮው ከተሰቀለበት ሥር ግንቡን አስነካችኝ።

"አለው እንጂ ልጄ" አለችኝ። "እኛ ይዘነው ነው።"