ሃያ አራት የፋኖስ ብርጭቆ በቀጭን ጎማ

ሐሙስ ጠዋት ከጅማ ወደ የቡ ከተማ የተነሳሁት ሃያ አራት የፋኖስ ብርጭቆ ጭኜ ነው። እዚያ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ማታ ማታ በኩራዝ ጭስ ፊደል ላይ ያፈጣሉ። ብርጭቆውን ለገበያው ቀን ላደርስ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቃል ሰጥቻለሁ፤ ካላደረስኩ ከኅብረት ሱቅ ሊያዝዙ ነው። ያን ጊዜ የቡን የመሰለ ገበያዬን ተሰናበትኩ ማለት ነው። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ያለኝ ብስክሌት ብቻ ነው።

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ጎማ የሚጠግኑት አባ ፊጣ ብስክሌቴን አይተው ሳቁ።

«በዚህ ክር ነው የቡ የምትደርሰው? ሰፊውን ልግጠምልህ።»

«ሰፊ ጎማ ጉልበት ይበላል፣ አባ ፊጣ። ቀጭን ይበራል።»

«ኤዬ! መብረሩንስ ይበራል» አሉ። እኔም አዋቂ ነኝና ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ነፋሁት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኮረኮንች

አስፋልቱ ሲያልቅ ጥርሴ ከጥርሴ ይጋጭ ጀመር። የቡና ገለባ ጠቅጥቄ ያሸግሁት ካርቶን ከኋላዬ ያጉረመርማል። ኬላ ላይ ሚሊሺያው የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና ካርቶኑን ነቀነቀው።

«ጓድ፣ ይሄ የሚንሿሿው ምንድን ነው?»

«የፋኖስ ብርጭቆ ነበር።»

አልሳቀም። ከኬላው ወዲያ አንድ ገበሬ በሰፊ፣ ለስለስ ባለ ጎማ ጠጠሩን እየዋጠ ደረሰብኝ።

«ምን ጭነሃል፣ ወንድሜ?» አልኩት።

«እንቁላል።»

«ስንት ተሰበረ?»

«ለምን ይሰበራል?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

አራት ሰዓት፣ ቀይ ጭቃ

ወደ የቡ ስንታጠፍ በቡናው መሀል ያለው መንገድ ሌሊት ዘንቦበታል። የገበሬው ሰፊ ጎማ ጭቃ ጠቅልሎ ከላዩ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ተወተፈ፤ ወርዶ በእንጨት ይፍቅ ጀመር። የኔ ቀጭን ግን ጭቃውን እንደ ቢላ ሰንጥቆ አለፈ። «አልጠብቅህም!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ደስታ የሚቆየው ሃምሳ ሜትር ነው። የዛፍ ሥር ላይ ተንሸራትቼ ከነካርቶኔ ተዘረጋሁ። ገበሬው መጥቶ አነሳኝ፤ መጀመሪያ ግን እንቁላሉን ዛፍ አስደግፎ ነው።

የቡ ስደርስ ሊቀ መንበሩ ካርቶኑን ከፈቱ። አምስት ደህና ብርጭቆ ተገኘ።

«ዛሬ ተጠጋግተው ያነቡባቸዋል» አሉ። «በሚመጣው ሐሙስ ቀሪው ካልገባ ግን፣ አንተ የቡ የምትመጣው ለለቅሶ ብቻ ይሁን።»

አመሻሽ፣ ቦሳ ኪቶ

ለአስፋልት ቀጭን፣ ለኮረኮንች ሰፊና ለስላሳ፣ ለጭቃ ደግሞ ሰፊው ያለ ፓራፋንጎ። ይህን ለመማር አሥራ ዘጠኝ ብርጭቆ ሰብሬ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ተመለስኩ። ሰፊዎቹ ጎማዎች አባ ፊጣ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጠዋት የት ነበሩ እነዚህ?»

«ሚስማር ላይ ተሰቅለው። አንተ ስትወጣ ነው ያወረድኳቸው።»

ፓራፋንጎውን እኔው ፈታሁ። እሳቸው ሰፊዎቹን ገጥመው ሲነፉ ጎማውን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ፣ «ይብቃ፣ ይብቃ» አልኳቸው።