ሥጋው ከረጢቱ ላይ ብቻ ነበር

«ሥጋው ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው» አለኝ ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የውሻዬን የዳማን ደረቅ ምግብ ከረጢት እያገላበጠ።

ከስታ፣ ፀጉሯም ሲረግፍ ጊዜ ነው የወሰድኳት።

«ከጀርባው ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት ያለው ነው። ይኸው፣ በቆሎ፣ ከዚያ ፉርሽካ። ሥጋ ያሉትም የምን እንደሆነ አልጻፉም።»

እኔ ሥዕሉን አምኜ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። በቆሎማ እዚሁ እኛ ከተማ ባኮም ሞልቷል።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥር በኩል ሥጋ ሲሰጧት «ይተዉ፣ የራሷ ጥሩ ምግብ አላት» ብዬ ከልክያቸው ነበር። እሷ ግን አጥሩ ሥር መጠበቋን አልተወችም።

ስመለስ ዳማን ይዤ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደል ልጄ» አሉና ጎንበስ ብለው ዳሰሷት። የጎድን አጥንቷ እጃቸው ላይ ሲቆጠር ሥጋ ሊያመጡላት ወደ ጓዳ ገቡ።

እናንተስ፣ ደግ የሠራችሁ መስሏችሁ እንስሳችሁን የበደላችሁበት ጊዜ አለ?