ከጎማው ምንጣፍ ሥር የነበረው ጥቁር

የአባቴ መኪና ዔሊ የምትመስለው የድሮዋ የጀርመን ሥሪት ነበረች። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሐኪም የገዟት እኔ ሳልወለድ ነው፤ እናቴን ከሺንሺቾ ሙሽራ አድርገው ወደ ሆሳዕና ያመጧቸውም በእርሷ ነበር። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ለአንድ የሺንሺቾ ልጅ ስትታጭ አባቴ ሌላ የሙሽራ መኪና እንዲታሰብ አልፈቀዱም።

«እናቷ የመጣችበት መንገድ ነው፤ በእናቷ መኪና ትሄድበታለች» አሉ።

ከመምህርነት በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ እንዲህ አጥብቀው የፈለጉት ሌላ ነገር አላስታውስም። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

ከውጭ ለሚያያት መኪናዋ እንከን አልነበረባትም። መስቀል በቀረበ ቁጥር ቀለም ትቀባለች፤ በወር ሁለቴ ትወለወላለች። እውነቱን ያወቅሁት ለሠርጉ ላጸዳት ብዬ የኋለኛውን ወንበር ባነሳሁ ቀን ነው። ከወንበሩ ሥር፣ ወለል ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ የግቢያችን ሣር ታየኝ።

ለአባቴ ሳልናገር ወደ ላሜራ ሠሪ ወሰድኳት። የሞርሲቶ ተወላጅ፣ እጁ የማያርፍ፣ አፉም የማያርፍ ሰው ነው። በጣቱ አንጓ እያንኳኳ አንድ ጊዜ ዞራት።

«ቲቸር፣ ስማ። ይኼ ላሜራ ነው። ይኼ ስቱኮ ነው። ይኼ ደግሞ…» አለና ካቻቢቴውን ከበሩ ሥር፣ ቀለሙ እንደ መስታወት በሚያበራበት ቦታ፣ ቀስ ብሎ አስደገፈው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። «ይኼ ጸሎት ነው። እስከ ዛሬ በእምነት ነው ስትነዷት የነበረው።»

በጋራዡ የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። እኔ ካቻቢቴውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ የጎማውን ምንጣፍ ከወለሉ ላይ ገፎ አነሳው። ከሥሩ የተገለጠው የጠበቅነው ቀይ ዝገት ሳይሆን ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ልባስ ነበር። በጥፍሩ ፈቅፍቆ አሸተተው።

«ሬንጅ አይደለም። ቀለምም አይደለም። ምንድን ነው?»

እኔ አውቄዋለሁ። የተቀባበት ጨርቅ ፈለግ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር፣ ሳይዛነፍ ሄዷል። እንዲህ የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አባቴ በገጠር ትምህርት ቤቶች ባስተማሩባቸው ዓመታት፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሰሌዳ የሚያጠቁሩት በራሳቸው እጅ ነበር፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ፣ በውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ከዱባ ቅጠልና ከውሃ ጋር ይለወሳል። ድንጋዩን የምንሰብረውና የምንፈጨው እኔና እህቴ ነበርን። ትምህርት ቤቱ የፋብሪካ ሰሌዳ ካገኘም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ፍጩ መባላችን አልቀረም፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

አሁን እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በዚያ ዱቄት ውስጥ ጨው እንዳለ፣ ጨውም እርጥበት ሲያገኝ ብረት እንደሚበላ፣ አሮጌ ባትሪ ልባሱን ቀድዶ የሚፈሰው በዚሁ ጠባዩ እንደሆነ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እናገራለሁ። አባቴ ትንሽ ዝገት አይተው ሊያድኗት ፈልገው ነበር። የሚያውቁትን መድኃኒት ቀቡባት፤ ምንጣፉንም መልሰው አለበሱባት።

«ውኃ ብቻውን እንዲህ አይበላም» አለ ላሜራ ሠሪው። «ይኼን ማን ቀባው?»

«አላውቅም» አልኩ።

አራት ቀን ታገለ። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ አስገባ፤ ነገር ግን ብረት የሚበየደው ከብረት ጋር ነው፤ እሳቱ አሮጌውን ጠርዝ በነካው ቁጥር ጠርዙ እየቀለጠ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ቀዳዳውን ለመድፈን ወደ ኋላ ይቆርጣል፤ ወደ ኋላ በቆረጠ ቁጥር ጥቁሩን ያገኛል። በአራተኛው ቀን ጎኗን በክሪክ ሲያነሳት ከውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። በሩን ልዘጋ ሞከርኩ፤ አልገጥም አለ። አካሏ ከመሃል ታጥፎ ነበር።

ላሜራ ሠሪው መነጽሩን አወለቀ። «ቲቸር፣ እኔ ብረት ቀጣይ ነኝ፤ ፈጣሪ አይደለሁም። የምቀጥልበት ነገር ስጠኝና ልቀጥል።»

በዚያ ምሽት ለቤተሰቡ መኪናዋ ለሠርጉ እንደማትደርስ ነገርኳቸው። እናቴ ከእጃቸው ሥራ ቀና ሳይሉ፣ «የምትዳረው ልጅቷ ናት እንጂ መኪናዋ አይደለችም» አሉ። እህቴም አባቴን ልታስቅ ብላ፣ «እኔ በባጃጅም እሄዳለሁ፤ ቬሎው ከተረፈ በመስኮት ይውጣ» አለች። አባቴ አልሳቁም። በማግስቱ ጫማቸውን ወልውለው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ጋራዡ ድረስ በእግራቸው መጡ።

መኪናዋ በድንጋይ ላይ ቆማለች፤ በሮቿ ተፈተዋል፤ ወለሏ የለም። አባቴ ዞረው አዩዋት።

«ምንድን ነው የበላት?» አሉ።

መልሱን ስፈራው ስለ ነበር ሌላ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ቆጮ ነው፣ አባባ። የዘመድ ሁሉ ቆጮ ሲጫንባት ኖሮ ኮምጣጣው ውኃ ምንጣፉ ሥር ገብቶ…»

ላሜራ ሠሪው ቀና ብሎ አየኝ። ጥቁሩ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። «አዎ፣ መምህር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ አገር መኪና የሚጨርሰው ቆጮ ነው። ዘመድ ያለው ሰው መኪና ባይኖረው ይሻላል።»

አባቴ ጎንበስ ብለው ከተረፈው የወለሉ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቁር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፊታቸው ፈታ አለ።

«ይህን ባልቀባት ኖሮ» አሉ፣ «ከአሥር ዓመት በፊት ባለቀች ነበር።»

ላሜራ ሠሪው የሌለ ብሎን መሬት ላይ ይፈልግ ጀመር።

እህቴ በኪራይ መኪና ሄደች። ከኋላዋ ሪባን የታሰረለት ሚኒባስ ተከተለ፤ ዘመድ በሁለት ቋንቋ እየዘፈነ ወጣ። አባቴ መርቀው ሸኟት፤ አቧራው እስኪያርፍም ከበሩ አልተመለሱም። እኔን ከመናገር ያዳነኝ ውሸቴ ለእርሳቸው ምንም እንዳልመለሰላቸው የተረዳሁት ጀርባቸውን ሳይ ነው።

ከሠርጉ በኋላ መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና መጣች፤ ግቢያችን ውስጥ ከአቮካዶው ሥር በድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሳምንት ያህል አባቴ አልቀረቧትም። ከዚያ አንድ ጠዋት ወንበር ወስደው አጠገቧ ተቀመጡ፤ የተፈቱትን በሮች ውስጣቸውን እያገላበጡ መረመሩ፤ ጠሩኝም።

«በሮቿ ገና ደህና ናቸው። ቆጮ አልነካቸውም። ክረምት ሳይገባ ከውስጥ በኩል ብንቀባቸው ይቆያሉ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየሱቁ ለምነህ አምጣልኝ።»

ልናገር የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር። አፌን ከፈትኩም። ነገር ግን ቆጮ ነው ካልኩበት ቀን ጀምሮ፣ እውነቱን መናገር የእኔን ቃልም የእርሳቸውን ሥራም ማፍረስ ሆኖብኛል፤ ከመኪናዋ የተረፈላቸውም ያ አተረፍኩላት የሚሉት አሥር ዓመት ብቻ ነው። ወደ ሱቆቹ ሄድኩ። አሥራ አንድ አገኘሁ፤ ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ስለሚያበራ የባትሪ ድንጋይ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

በልጅነታችን በምንፈጭበት ድንጋይ ላይ ሰበርኳቸው፤ ፈጨሁ፤ የዱባ ቅጠሉን ጨመርኩ። አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጨርቁን ነክረው፣ በበሩ ውስጥ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ጀመሩ። መስመሩ እንደ ድሮው አልተዛነፈም። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆም ብለው ጣሳውን ወደ እኔ ገፉት።

«ወፍሯል» አሉ። «ትንሽ አቅጥነው።»

ውኃ ጨመርኩበት።