ሰው የማያየኝ ኮሌጅ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለፊያውን አላመጣሁም። የወደቅኩት በጥቂት ነጥብ ነው። "በጥቂት" የምትለዋን ቃል ለራሴ ስንቴ እንደደጋገምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ውጤቱ በወጣ ማግስት፣ ከኛ በላይ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ሳይጠይቁ ሳያጣሩ ድፎ ዳቦ ጋግረው ከች አሉ። የኮንዶሚኒየሙ ጎበዝ ተማሪ እኔ ነበርኩና ትወድቃለች ብሎ ያሰበ የለም። "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ድሮም አውቄዋለሁ እኮ" ብለው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። እማዬ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ዳቦውን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ምን ታድርግ? እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ዳቦ እንዴት ተብሎ ይመለሳል? እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳይመሽ ሕንፃው በሙሉ አልፋለች አለ።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ሂጂ ስባል ራሴን ያመኝ ጀመር። ታክሲ ከበራችን መያዝ ትቼ በውስጥ ለውስጥ እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በእግሬ እሄዳለሁ። ልደታ ማርያም እንኳን መሳለም ተውኩ።

ማለፊያ ያላመጣ ሰው ዲግሪ አይጀምርም፤ የግል ኮሌጅ ገብቶ በደረጃ ሙያ ይማራል። እኔ የምፈልገው ፋርማሲ ነበር። አባዬ ሰው አጠያይቆ የኮሌጆቹን ስም በወረቀት ጽፎ መጣና እራት በልተን ስንጨርስ መምረጥ ጀመርን። ከሁሉም የተመሰገነው ሜክሲኮ ያለው ነው። እውቅናው አያጠራጥርም፣ ደህና ቤተ ሙከራ አለው፣ ከቤታችን በእግር ይኬዳል።

"እሱን ሰርዘው" አለች እማዬ።

"ለምን ሲባል?" አላት አባዬ።

"የእድራችን ጸሐፊ ቢሮ ፊት ለፊቱ ነው።"

ልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ያለውም ተሰረዘ፤ የእትዬ ልጅ እዚያው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ጦር ኃይሎች ያለውን ደግሞ እዚያ የሰፈር ሰው አይጠፋም ተብሎ ተውነው። በመጨረሻ የቀረው ከአያት ማዶ ያለ፣ ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ኮሌጅ ነው። አባዬ ብዕሩን አስቀመጠ። "የፋርማሲው እውቅና ገና አልመጣም ብለውኛል" አለ።

"ይመጣላ" አለች እማዬ።

ደሜ ፈላ። "እማ፣ ኮሌጅ ነው የምንመርጠው ወይስ መደበቂያ? የወደቅኩት እኔ፣ የምታፍሪው አንቺ!" አልኳት። አፌ እንደዚህ ነው፣ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም። እማዬ ሳህኖቹን ሰብስባ ገባችና ከወጥ ቤት ሆና፣ "በቃ፣ ነገ ሜክሲኮ እንሄዳለን" አለች።

ጠዋት ገና ደረጃውን መውረድ እንደጀመርን እትዬ ከታች ሲወጡ አገኘናቸው። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ።

"እሺ፣ የት ደረሳት? ሐዋሳ ነው ባሕር ዳር?" አሉ እትዬ።

"አላለፈችም እኮ፣ እትዬ" አለች እማዬ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። "የዚያን ዕለት ደስታዎን ማጥፋት ከብዶኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ሜክሲኮ ፋርማሲ ላስመዘግባት እየሄድን ነው።"

"ውይ ልጄን" ብለው እትዬ ሊያቅፉኝ ዞሩ። እኔ ግን እማዬ አጠገብ አልነበርኩም። "አላለፈችም" የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ወደ ላይ ተመልሼ፣ የጃኬቴን ኮፍያ እስከ ዓይኔ ስቤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆሜያለሁ።

መንገድ ከወጣን በኋላ ነው የተናገረችኝ። ቁጣ የለበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ሰሞኑን በውስጥ ለውስጥ ስትሄጂ የማላይሽ መስሎሻል?" አለች። "እኔማ ምን ቸገረኝ። ሰው የማያይሽ ቦታ የምትፈልጊው አንቺ መስለሽኝ እኮ ነው ያሰረዝኩት።"

ማታ የተናገርኳት አንድ በአንድ እየመጣ ፊቴን አቃጠለው። ጎን ለጎኗ መሄድ አቅቶኝ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። እሷ ቀድማኝ የኮሌጁ በር ላይ ደረሰች። ሴት ልጄን ላስመዘግብ ነው ብትለው ጥበቃው ብቻዋን ሲያያት ጊዜ፣

"እናቴ፣ የምትመዘገበው ልጅ የታለች?" አላት።